ነጋሪቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የጋና ገንዘብ ሴዲ በዶላር ፊት ቁልቁል ይንሸራተት ነበር። አክራ ላይ ሊቀ ጳጳስ ኒኮላስ ዳንከን ዊሊያምስ በምእመናን ፊት ቆመው ስለ ሴዲ ጸለዩ። እግዚአብሔር ኢኮኖሚውን እንዲያቃና መለመን ብቻ አልበቃቸውም፤ ሴዲን ራሱን፣ ጆሮ እንዳለው ፍጡር፣ ከእንግዲህ እንዳይወርድ ይልቁንም እንዲወጣ በኢየሱስ ስም አዘዙት። ሕዝቡም አሜን አለ። ሴዲ ግን አልሰማም። በዚያው ዓመት ነሐሴ የጋና መንግሥት ወደ ዓለም የገንዘብ ድርጅት ፊቱን አዞረ፤ በተከታዩ ሚያዝያ ወደ 918 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ተፈቀደለት።

ወሬው ያኔ ብዙ ሰው አሳቀ። ሳቁ ግን ለሊቀ ጳጳሱ ፍርደ ገምድል ነበር። እሳቸው ያደረጉት በሺህ መድረኮች የሚሰበከውን ትምህርት እስከ መጨረሻው መውሰድ ብቻ ነው። በቤት ኪራይ፣ በቪዛና በኩላሊት ጠጠር ላይ ይሠራል የተባለ ቃል በምንዛሪ ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ እሑድ ጠዋት ከአምልኮ አዳራሾች ወደ አንዱ የገባ፣ ወይም ማታ መንፈሳዊ የቴሌቪዥን ጣቢያ የከፈተ ሰው ቋንቋውን ያውቀዋል። ዱባይና ዋሽንግተን ሆኖ በስልኩ የሚከታተለውም አይጠፋውም። «አወጅኩልህ!» «ተቀበል!» «በአፍህ ያዘው!» ጉንፋን ይዞኛል ያለ ሰው «እንዲህ አትበል፣ በአፍህ አታጽድቀው» ይባላል። ኪሱ ባዶ መሆኑን የተናገረ፣ ድህነትን በራሱ ላይ እንደ ጠራ ይቆጠራል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ከአማኝ አፍ የሚወጣ ቃል በራሱ ውስጥ ኃይል አለው፤ መልካሙ መልካምን ይወልዳል፣ ክፉው ክፉን ይጎትታል፤ የሰው ምላስ እንደ አምላክ ምላስ ይፈጥራል።

ይህን ትምህርት የሚተቹ ብዙዎች «ለቃል ከልኩ በላይ ክብር ሰጠ» ይላሉ። ትችቱ ራሱ ስቷል። ትምህርቱ ቃልን አዋርዶታል። በሁለት ወገኖች መካከል የሚሆነውን፣ የሚለመንበትን፣ የሚማማሉበትን፣ ይቅር የሚባባሉበትን ቃል ወስዶ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጎታል።

አማርኛ ራሱ ይመስክር። የአማርኛ ምርቃት የሚቆመው በአንዲት ፊደል ላይ ነው፤ በ«ይ» ላይ። ይማርሽ። ይባርክህ። እድሜና ጤና ይስጥልን። «ያሳድግህ» ስንልም ያቺው «ይ» ከውስጥ አለች። ስሙ ተጠራም አልተጠራ ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ አንድም ነገር ከራሱ አይሰጥም፤ ሰጪውን ጠርቶ ከጎን ይቆማል፤ «አሜን» የሚለው ሰውም ከሽማግሌው ጋር አብሮ ይለምናል። የነፍስ አባት የንስሐ ልጁን ሲያሰናብት «እግዚአብሔር ይፍታህ» ነው የሚለው። (የላቲኑ ሥርዓት «እኔ እፈታሃለሁ» ማለቱ ሌላ ክርክር ነው፤ እሱም ቢሆን በሥላሴ ስም ይላል እንጂ በራሱ አይቆምም።) በቅዳሴም ካህኑ የጌታን ቃል ከደገመ በኋላ መንፈስ ቅዱስ በኅብስቱና በጽዋው ላይ እንዲወርድ ይለምናል። የአማርኛ እርግማን እንኳ ልመና ነው፤ የተናደደች እናት «ይንሣህ» ትላለች እንጂ «ነሣሁህ» አትልም።

አዲሱ መድረክ ይህችን «ይ» ነቅሎ በቦታዋ «ኩ»ን ተከለ። አወጅኩ። ሰበርኩ። አስለቀቅኩ። ባለቤቱ ተለወጠ፤ የሚለምነው ሰው አዛዥ ሆነ፤ የሚለመነው አምላክም ትእዛዝ አስፈጻሚ ሆኖ ቀረ።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ነው የሚል ካለ መዝሙረ ዳዊትን ይግለጥ። ከዚያ መጽሐፍ ትልቁን ድርሻ የያዘው እንጉርጉሮ ነው፦ አጥንቱ የደረቀ፣ ወዳጅ የከዳው፣ አምላኩ ዝም ያለው ሰው ጩኸት። መዝሙር 88 እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፤ መጽናኛ ብሎ ነገር የለበትም። በአዲሱ ትምህርት ሚዛን ይህ ሁሉ ሟርት ነው። ክርስቶስም በመስቀል ላይ ሆኖ የጮኸው ከመዝሙር 22 መጀመሪያ ነው፤ የተተወ ሰው ጩኸት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ መከራና ሞት እንደሚጠብቀው ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው፣ ጴጥሮስ ወደ ጎን ወስዶ ይህ ከቶ እንደማይደርስበት ተናገረ። ከዚያ የበለጠ «አዎንታዊ» ቃል በወንጌል ውስጥ አይገኝም። የተሰጠው መልስ በማቴዎስ 16 ተጽፏል፤ ጴጥሮስ ሰይጣን ተብሎ ተገሠጸ።

ትምህርቱ ከየት መጣ? ከሐዋርያት የወረደ እንደሆነ ይነገራል። የጽሑፍ ዱካው ግን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ አያልፍም። በሜይን ግዛት የኖረው ሰዓት ሠሪው ፊንያስ ኩዊምቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 እስኪሞት ድረስ፣ በሽታ የተሳሳተ እምነት ውጤት ነው ብሎ ሐሳብን በማረም ሰው አክማለሁ ይል ነበር። ከእሱ ዙሪያ «አዲስ ሐሳብ» የተባለው እንቅስቃሴ ተነሣ። በ1867 የተወለደው ሰባኪ ኢ. ደብልዩ. ኬንየን በ1892 ቦስተን ውስጥ ወደ ኤመርሰን ኮሌጅ ገባ፤ ያ ትምህርት ቤት በዚያ አስተሳሰብ የተነከረ ነበር። ኮሌጁ የንግግር ጥበብ ኮሌጅ መሆኑ ፈገግ ያሰኛል፤ የአፍ ቃል ትምህርት አባት የንግግር ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ኬንየን ከ«አዲስ ሐሳብ» ምን ያህል ቀዳ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። የማይካደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ይህን ትምህርት ያስፋፋው የእምነት ቃል እንቅስቃሴ አባት የሚባለው የቴክሳሱ ኬኔት ሄገን ትምህርቱን ከጌታ እንደ ተቀበለ ይናገር ነበር፤ በ1988 ዳን ማኮኔል የተባለ ጸሐፊ የሄገንንና የኬንየንን ገጾች ጎን ለጎን አትሞ፣ ቃል በቃል የሚገጣጠሙ አንቀጾችን ለአንባቢ አሳየ። ማኮኔል የመጣው ከራሳቸው ከካሪዝማቲኮች ወገን ነበር። ከእሱም ቀድሞ፣ በነሐሴ 1980፣ በዓለም ላይ ትልቁ የጴንጤቆስጤ ኅብረት የሆነው የአሴምብሊስ ኦፍ ጎድ የአሜሪካው ክፍል ስለ «አዎንታዊ ንግግር» የማስጠንቀቂያ ሰነድ አጽድቆ ነበር። እዚህ አገር ትምህርቱን የተቸ ሁሉ «የመንፈስ ቅዱስ ተቃዋሚ» ተብሎ ሲፈረጅ ይህ ሰነድ አይነሣም።

ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው።

በ1973 በካሊፎርኒያ ባርስቶ ከተማ አንድ የ11 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ልጅ በፈውስ ጉባኤ ላይ ተጸለየለት። ወላጆቹ ተፈውሷል ብለው አመኑ፤ በአፋቸውም መሰከሩ። ቤት ገብተው የሽንት ምርመራ ሲያደርጉ ስኳር ተገኘ። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ማንም እናትና አባት ምርመራው የሚያሳየውን ያምናል። የተሰጣቸው ትምህርት ግን ምልክቱ የሰይጣን ውሸት እንደሆነ፣ ኢንሱሊን መስጠትም የመሰከሩትን መካድ እንደሆነ ነገራቸው። ልጁ እየተሠቃየ እነሱ መልካም ቃል ተናገሩ። ከቀናት በኋላ ሞተ። ከሞተ በኋላም ይነሣል ብለው ጠበቁ። ፍርድ ቤት ባለማሰብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ናቸው ብሎ በአመክሮ ለቀቃቸው፤ አባትየው ከዓመታት በኋላ ስሕተቱን በመጽሐፍ ተናዘዘ። እነዚህ ሰዎች ልጃቸውን ይወዱ ነበር፤ ጉዳዩን የሚያከብደው ይህ ነው። ፍቅራቸውን ሽባ ያደረገው «ከአፍህ የወጣውን አትመልስ» የሚል አንድ ሕግ ነው።

በኢንዲያና ደግሞ ሆባርት ፍሪማን ነበር። የብሉይ ኪዳን ምሁር ነው፤ ስለ ነቢያት የጻፈው መጽሐፍ በትምህርት ቤቶች ይነበብ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ መድኃኒትን ከእምነት ጉድለት ቆጠረች። የአካባቢው ጋዜጦች ሕክምና ሳያገኙ የሞቱ ከ80 በላይ ሰዎችን መዘገቡ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወላዶች ነበሩ። ፍሪማን ራሱ በታኅሣሥ 1984 በሳንባ ምችና በልብ ድካም ሞተ። ሐኪም አላየውም።

የብሉይ ኪዳን ምሁር እንዴት እዚህ ደረሰ? የቃልን ኃይል በተመለከተ ምሁራኑም ንጹሕ አልነበሩም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጌርሃርድ ፎን ራድን የመሰሉ ታላላቅ ሊቃውንት፣ ለዕብራውያን ቃል ኃይል የታመቀበት ነገር ነበር ብለው አስተምረዋል። ከማስረጃዎቻቸው አንዱ ዕብራይስጡ «ዳባር» ሁለቱንም ማለቱ ነበር፤ ንግግርንም፣ ቁስንና ጉዳይንም። እንግዲህ ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ማስረጃ ገና ከደጃፉ ይወድቃል። «ነገር» አለና። «ነገረኝ» ያለ አፍ ተመልሶ «ያንን ነገር አቀብለኝ» ይላል፤ «ነገር አለበት» ሲልም ክስ ማለቱ ነው። ሲኒውን ነገር ብሎ የጠራ ሰው ሲኒው ከንግግር እንደ ተሠራ አያስብም። ጀምስ ባር በ1961፣ አንቶኒ ቲሰልተን ደግሞ በ1974 ባሳተሙት ሥራ ይህንኑ ተከራክረዋል፦ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ሕዝቡ ሁለቱን ነገሮች አንድ ያደርጋል ማለት አይደለም።

ቲሰልተን ይስሐቅንም አነሣ። ዔሳው ሲያለቅስ ይስሐቅ ለያዕቆብ የሰጠውን ምርቃት ለምን አልመለሰም? የቃል ኃይል ሰባኪዎች «ቃሉ ወጥቶ ስለ ሄደ» ይላሉ። የቲሰልተን መልስ ቀለል ያለ ነው፤ ምርቃት የሚሰጥበት ሥርዓት ነበር፣ የሚሻርበት ሥርዓት ግን አልነበረም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የእኛው ተረትም የሚያወራው ስለ ድምፅ ተአምር አይደለም፤ ሰው ሰምቷል፣ ምስክር ቆሟል፣ ቢክዱት ያሳፍራል ማለቱ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ራሱ በ26፥2 ያለ ምክንያት የወጣ እርግማን እንደሚበር ወፍ ማረፊያ እንደማያገኝ ይናገራል። መድረኩ ሁልጊዜ የሚጠቅሰው ግን 18፥21ን ነው፤ ምላስ ሞትንም ሕይወትንም መያዟን። ያ ምሳሌ ሐሰተኛ ምስክር ሰው የሚያሰቅልበትን፣ የዳኛ ቃል ነፍስ የሚያድንበትን ዓለም ያውቃል። ቃል ሰው ላይ የሚሠራው በሰሚው በኩል ነው። ለዚህም ነው «አንተ አትረባም» እየተባለ ያደገ ልጅ ቃሉን እስከ ሽምግልናው የሚሸከመው። ሴዲ ግን ጆሮ የለውም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን በ1955 በሃርቫርድ ባሰማቸው ንግግሮች አንዳንድ ቃላት አንድን ነገር ከመግለጽ አልፈው እንደሚፈጽሙት አሳይቷል፤ ቃል መግባት፣ ማጋባት፣ መርከብን መሰየም። ግን የሚፈጽሙት ተናጋሪው ሥልጣን ሲኖረውና ሥርዓቱ ሲሟላ ነው። ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ሃርቫርድ አያስፈልገውም። ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ይቆማሉ። መንገደኛው ጉልበት የለውም፤ ከቃሉ ጀርባ ሕግ አለ። ሕጉ ከጀርባ የሌለበት ቀን ይኸው ቃል ቢደጋገም ዱላው አይመለስም።

«አዋጅ» የሚለው ቃልስ? ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲያስነግሩ ነጋሪት ተጎሰመ፣ አገር ተነሣ። ያንኑ ቃል፣ ያለ አንዲት ፊደል ለውጥ፣ የገበያ ነጋዴ ከበሮ እየመታ ቢለፍፈው እስር ይጠብቀዋል እንጂ ጦር አይከተለውም። አዋጅ የነጋሪው አይደለም፤ የላኪው ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቀላል ጥያቄ ይመጣል። መድረክ ላይ «የብልጽግና ዘመንህን አወጅኩ» የሚለው ሰው አዋጁን ከማን ተቀበለ? ላኪው ያላለውን ያስነገረ አዋጅ ነጋሪ በየትኛውም መንግሥት ሐሰተኛ ነው።

እዚህ ላይ የተቃራኒው ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ይነሣል፤ ሊናቅም አይገባም። ሐዋርያት አዝዘዋል። ጴጥሮስ በመቅደሱ ደጅ ሽባውን ተነሣ ብሎታል እንጂ አልለመነም። በማርቆስ 11 ኢየሱስ ራሱ ተራራ ስለሚያዝ እምነት ተናግሯል፤ ሄገን እ.ኤ.አ. በ1934፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ከአልጋ የተነሣው በዚህ ክፍል እንደሆነ ሲመሰክር ኖሯል። እውነት ነው፤ ሐዋርያት አዝዘዋል። ይሁን እንጂ ጴጥሮስ ሽባው በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሐዋርያት ሥራ 3፥12 ላይ፣ ሕዝቡ በእሱ ኃይል እንደ ተደረገ አድርጎ እንዳያየው ይከላከላል። የማርቆሱም ክፍል በእግዚአብሔር ስለ ማመን ጀምሮ በጸሎትና የበደለን ይቅር በማለት ይዘጋል፤ መድረኩ መሐሉን ቆርጦ ነው የሚያነበው። ሮሜ 4፥17 የሌለውን እንዳለ ስለ መጥራት ይናገራል፤ እንዲህ የሚጠራው ግን እግዚአብሔር ነው፤ የአብርሃም ድርሻ ማመን ነበር። ጳውሎስ ደግሞ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ እንቢታ ተቀበለ፤ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው፤ ለጢሞቴዎስ ሆድ ጥቂት ወይን አዘዘለት። ጨርቁ እንኳ ሕመምተኛ ይፈውስ የነበረ ሰው ነው።

የኢየሱስን ስም እንደ ቀመር የተጠቀሙበት ሰዎች ታሪክ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ አለ። በኤፌሶን የአስቄዋ ሰባት ልጆች ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ ስም ጋኔን ሊያወጡ ሞከሩ። ቃሉ ትክክል ነበር፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ጋኔኑ ኢየሱስንም ጳውሎስንም እንደሚያውቅ ነግሮ ማንነታቸውን ጠየቃቸው፤ ያደረበት ሰውም ዘሎ ደበደባቸው፤ ራቁታቸውን ቆስለው ከቤቱ ሸሹ። የስሙ ድምፅ በራሱ ኃይል ቢኖረው ኖሮ ይሠራ የነበረው ያኔ ነው።

ከዚህ ክስ የኦርቶዶክሱም ወገን ነጻ አይወጣም። ክታብ አንጠልጥሎ በማይገባው ቋንቋ የተጻፈ አስማት ይጠብቀኛል የሚል ምእመን፣ «ለፋፈ ጽድቅ»ን ከሬሳ ጋር አብሮ በመቅበር የስሞቹ ዝርዝር ነፍስን በሲኦል ደጅ ያሳልፋል የሚል ልማድ፣ ሁሉም በዚያው መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከጠንቋይና ከአስማተኛ ጋር ብርቱ ትግል ገጥመዋል፤ ልማዱ ግን ተርፎ እዚህ ደርሷል። ድምፅ ማጉያ የያዘው ነቢይና ብራና የጠቀለለው ደብተራ እርስ በርስ ይነቃቀፋሉ፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ታዲያ በክርስትና የሚነገር ቃል ኃይል የለውም? አለው እንጂ። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ከመገደላቸው በፊት ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ገዘቱ፤ ምድሪቱንም ጭምር እንደ ገዘቱ ይነገራል። በዚያ ግዝት ጣሊያን በማግሥቱ አልወጣም፤ አምስት ዓመት ቆየ። ግዝቱ የያዘው የሰሙትን ሰዎች ኅሊና ነው። ጳጳስ ነበሩ፤ የመገዘት ሥልጣን ነበራቸው፤ በተናገሩትም ላይ ነፍሳቸውን አስያዙ። ያ ቃል በአርበኛው ጆሮ ውስጥ ጫካ ድረስ ሄደ። ከዚህ ጋር የቴክሳሱን ኬኔት ኮፕላንድ ማወዳደር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት፣ ዓለም በኮሮና ደጁን ዘግቶ ሳለ፣ ካሜራ ፊት ቆመው በቫይረሱ ላይ ፍርድ አወጁ፤ የእግዚአብሔር ነፋስ ብለውም እፍ አሉበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ሞቶ ነበር፤ አዋጁም ኮፕላንድን አንዳች ዋጋ አላስከፈላቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ፣ በእንጦጦ ጸበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ ተናገሩ። ጸበሉን አላጣጣሉም፣ ተአምር የለም አላሉም። ሥልጣን ያለው ሰው ጆሮ ላላቸው ሰዎች የተናገረው ቃል ነበር። በየሳምንቱ ማይክራፎን የሚጨብጡ ነቢያት፣ ሐዋርያትና መጋቢዎችም ይህን ያህል ይችላሉ። በመጪው እሑድ፣ ከአዋጁ በኋላ፣ በዚያው ማይክራፎን፣ በዚያው ድምፅ «ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት አታቋርጥ» ይበሉ።